የ1,600 ብሩ ማስታወሻ፦ ስለ ፍሪላንሰር የሒሳብ ሶፍትዌር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። አንዱማ «አንተን አስቦ የጻፈው ይመስላል» ብሎ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፍሪላንሰር ሆነህ እስካሁን የሒሳብ ሶፍትዌር ካልገዛህ ገንዘብህ እየፈሰሰ ነው። ጸሐፊው ሰባት ነጥብ ደርድሯል። ኤክሴል ሞቷል ይላል። ታዋቂውን ሶፍትዌር ግዛ፣ ከባንክህ ጋር አገናኘው፣ የክፍያ ማስታወሻውን ራሱ ይላክልህ፣ ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከፈት የሶፍትዌሩ ድርጅት ማከማቻ ላይ ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሠራተኛ አያስፈልግህም ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያማረ ኢንቮይስ (ለደንበኛ የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) ቶሎ ያስከፍላል ብሎ ይዘጋል።

እኔ አዲስ አበባ የምሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። በግሌ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ እዚሁ ናቸው፣ ጥቂቶቹ ውጭ ናቸው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸት አልጻፈም። ግን ጸሐፊው በሐሳቡ የያዘው ሰው ቶሮንቶ ወይም ለንደን የተቀመጠ ነው። ያ ሰው ካርድ አለው፣ ደንበኛው ኢሜይሉን ከፍቶ «ክፈል» የሚለውን ይጫናል፣ ገንዘቡ በሁለተኛው ቀን ይገባል። እኛ ጋ ብር የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። በምን በኩል እንደሚገባ፣ ምን ተቆርጦ እንደሚገባ፣ የትኛው ወረቀት ተያይዞ እንደሚመጣ ሳታዩ ሶፍትዌር መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው።

የጸሐፊውን ቅደም ተከተል አልጠብቅም። በጣም ካቃጠለኝ ልጀምር።

«የክፍያ ማስታወሻውን ራሱ ይላክልህ» ይላል። ይህን ምክር ከዓመታት በፊት ሰምቼ ሠርቼበታለሁ። ለአንድ ድርጅት ብሮሹርና የዓመት ሪፖርት ሠራሁና የ80,000 ብር ኢንቮይስ ላክሁ። ድርጅቱ በቀኑ ከፈለኝ። አካውንቴ ላይ የገባው 78,400 ነው። የቀረው 1,600 ቅድመ ግብር ነው፣ ሁላችንም ዊዝሆልዲንግ የምንለው። ያኔ 2 በመቶ ነበር። ከፋዩ ቀንሶ ለገቢዎች ያስገባል፣ ለእኔ የቆረጠበትን ደረሰኝ ይሰጠኛል፣ እኔም ዓመቱ ሲያልቅ ከምከፍለው ግብር ላይ አስቀንሰዋለሁ። ሕጉ ነው፣ ማንም አልበደለኝም።

ሶፍትዌሩ ግን ይህን ከየት ይወቅ? 78,400 ብዬ ስመዘግብለት የቀረውን 1,600 ያልተከፈለ ዕዳ አድርጎ ያዘው። ለድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ በ15ኛው ቀን በትህትና ጻፈላቸው፣ በ30ኛው ቀን ኮስተር ብሎ፣ በ45ኛው ቀን ደግሞ ቀኑ ማለፉን በቀይ አድርጎ። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ራሱ ይላክልህ አይደል የተባለው? ኃላፊዋ ደወሉልኝ። እንደ እናት የሚያዩኝ ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ በስምህ ለመንግሥት ያስገባሁትን ብር ነው ከእኔ የምትፈልገው?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁና በዚያው ቀን ማስታወሻውን አጠፋሁት። አሁን ከፋይ ሲዘገይ ራሴ እደውላለሁ። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ግን ይከፈለኛል።

ስለዚህ አንድ ሶፍትዌር ስትሞክሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ቀለሙ ወይም ስለ አብነቱ አይሁን። ከአንድ ኢንቮይስ ላይ ሁለት ዓይነት ክፍያ ይመዘግባል ወይ? ይህን ጠይቁ። አንዱ ባንክ የገባው ነው፤ ሌላው «ቅድመ ግብር» ብላችሁ ራሳችሁ በከፈታችሁት መደብ ላይ የሚቀመጠው። ሁለቱ ሲደመሩ ኢንቮይሱ ይዘጋል፣ ማንም ቀይ ኢሜይል አይደርሰውም። በዓመቱ መጨረሻ ያ መደብ ላይ ያለው ድምርና በእጃችሁ ያሉት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች ድምር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ አንድ ደንበኛ ደረሰኝ አልሰጣችሁም ማለት ነው፤ ሐምሌ ሳይገባ ሂዱና ተቀበሉ። ደረሰኙ ከሌለ የተቆረጠባችሁን ብር ማን ያምናችኋል?

መቶኛውንም ራሳችሁ መቀየር መቻል አለባችሁ። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት 2 በመቶ የነበረው በ2017ቱ ማሻሻያ 3 ሆኗል። ውጭ የተሠራ ሶፍትዌር ይህን ሰምቶ ራሱን አያስተካክልም። ደግሞ ቫት የምትሰበስቡ ከሆነ ቅድመ ግብሩ የሚሰላው ቫቱ ሳይጨመር ባለው ዋጋ ላይ ነው። 80,000 ላይ 15 በመቶ ሲጨመር 92,000 ይሆናል፣ 3 በመቶው የሚቆረጠው ግን ከ80,000ው ነው። ስንቱ ሶፍትዌር ነው ከጠቅላላው ቆርጦ ሒሳቡን የሚያበላሽባችሁ! አንድ የሙከራ ኢንቮይስ ሥሩና በካልኩሌተር አመሳክሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ኤክሴል ልምጣ። «ኤክሴል ሞቷል» የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ግን እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ፍሬሽቡክስ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር መሥራች ማይክ ማክደርመንት በፈረንጆቹ 2003 አንዲት ትንሽ የዲዛይን ድርጅት ሲያስተዳድር፣ በወርድ አዲስ ኢንቮይስ ሊሠራ ብሎ አሮጌው ላይ ሴቭ አደረገበት። አሮጌው ጠፋ። ተናዶ የራሱን የኢንቮይስ ፕሮግራም መሥራት የጀመረው ከዚያ ነው። እኔም እንደሱ አድርጌ አውቃለሁ። ልዩነታችን እሱ ኩባንያ መሠረተ፣ እኔ ደንበኛዬን ደውዬ «የላክሁልህን መልሰህ ላክልኝ» አልኩ።

ስለዚህ ኢንቮይሱን ራሱን በወርድ እያሻሻሉ፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያሉ መኖር ጣጣ ነው፣ እስማማለሁ። ተራ ቁጥሩ ይደገማል፣ ይዘለላል። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር ነው። በዓመት 30 እና 40 ሥራ ለሚሠራ ሰው አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃዋል። የእኔ ገጽ ላይ የኢንቮይስ ቁጥር፣ ደንበኛ፣ የደንበኛው ቲን፣ ዋጋ፣ ቅድመ ግብር፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ቁጥር፣ የእኔ ደረሰኝ ቁጥር፣ የገባው ብር፣ የገባበት ባንክ፣ ቀኑም በሁለቱ አቆጣጠር አለ። አንድ መስመር አንድ ሥራ ነው። የጎደለ ነገር ካለ ባዶ ሳጥኑ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ «ታዋቂውን ግዛ» የሚለው አለ። ኩዊክቡክስን፣ ዜሮን፣ ፍሬሽቡክስን ይጠራል። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፣ አላጣጥልም። ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ኩዊክቡክስ ለምሳሌ «የሒሳብ ዓመትህ በየትኛው ወር ይጀምራል?» ይላችኋል። የሚጠይቀው ወሩን ነው፣ ቀኑን አይጠይቅም። የእኛ የሒሳብ ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ማለት ነው። ጁላይን ከመረጣችሁ ከሰኔ 24 እስከ ሰኔ 30 የገባው ብር ሁሉ ወደሚቀጥለው ዓመት ይዘላል። እነዚያ ሰባት ቀናት ደግሞ ዝም ብለው ሰባት ቀናት አይደሉም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ዓመቱን ሙሉ «ነገ ና» ሲሉህ የከረሙት ሁሉ ቼክ የሚጽፉት በዚያች ሳምንት ነው። እኔ አንድ ዓመት የዓመቱ ትልቁ ክፍያዬ የገባው ሰኔ 27 ነው። ሶፍትዌሩ አዲስ ዓመት ላይ አስቀምጦልኝ፣ ሪፖርቱን ሳየው ድሃ ሆኛለሁ።

መፍትሔ አለው። ዝግጁ የሆነውን የዓመት ሪፖርት ትታችሁ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ብላችሁ ቀኑን ራሳችሁ ሙሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህን የሚፈቅድ መሆኑን እዩ። ግኑካሽ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለምሳሌ የሒሳብ ዓመቱን መጀመሪያ በቀን ያስመርጣል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ብርንም ያውቃል። መልኩ አያምርም። ለመልመድም ዴቢትና ክሬዲት ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል። ለውጭ ደንበኛ ኢንቮይስ ብቻ መላክ የፈለገ ሰው ደግሞ ዞሆ ኢንቮይስ በነጻ አለለት፤ እኔ ለውጭዎቹ በእሱ ነው የምልከው። ታዋቂ ስለሆነ ብቻ በየወሩ ዶላር የሚከፍል ሰው ግን አይገባኝም።

«ከባንክህ ጋር አገናኘው» ለሚለው ብዙ አልደክምም። እኔ የምጠቀምባቸው ባንኮች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስቴትመንቱን አውጥቶ በእጅ ማስገባት ነው። በካርድ ክፍያ የሚቀበልልህ ስትራይፕም ኢትዮጵያ ላለ ሰው አካውንት አይከፍትም፣ ፔይፓልም ከእኛ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አይሆንም። ስለዚህ ያ የሚያብለጨልጨው «አሁኑኑ ክፈል» ቁልፍ ለእኛ ጌጥ ነው። ሎጎ ለሚያሠራኝ የሱቅ ባለቤት በቴሌብር ላክልኝ እለዋለሁ፣ ቡናዬን ሳልጨርስ ይገባል።

የውጭ ምንዛሪው ነገር ግን ሰፋ ብሎ መታየት አለበት፣ ጸሐፊው በአንድ መስመር ነው ያለፈው። «ሶፍትዌሩ ራሱ ይመነዝርልሃል» ይላል። በምን ዋጋ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 74 ገደማ ዘለለ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ 100 አለፈ። በሐምሌ መጀመሪያ የ1,000 ዶላር ኢንቮይስ የላከ ሰው መዝገቡ ላይ 57,000 ብር ገደማ ነው ያለው። ነሐሴ ላይ ሲከፈለው እጁ የገባው ከ100,000 በላይ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የት ይጻፍ? የምንዛሪ ልዩነት ገቢ ተብሎ ለብቻው ይያዛል እንጂ የኢንቮይሱ ዋጋ አይነካም። ሶፍትዌሩ ከኢንተርኔት የሚያመጣው ዋጋ ደግሞ የእናንተ ባንክ የመነዘረበት አይደለም። እጃችሁ ላይ ያለው ማስረጃ ባንኩ ገንዘቡ ሲገባ የሰጣችሁ ወረቀት፣ አድቫይስ የሚሉት ነው፣ እሱ ላይ ያለውን ዋጋ በእጅ ማስገባት የማይፈቅድ ሶፍትዌር ለእኛ አይሆንም። በቃ።

እግረ መንገዴን፣ በአፕወርክ ወይም በመሰል የፍሪላንስ ሥራ ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች የምታደርጉትን አንድ ስሕተት ልንገራችሁ። የ500 ዶላር ሥራ ሠርታችሁ 10 በመቶ ኮሚሽን ቢቆረጥ 450 ይገባል። አብዛኛው ሰው 450ውን ገቢ ብሎ ይጽፋል። መሆን ያለበት 500 ገቢ፣ 50 ወጪ ነው። መጨረሻው ያው ነው ትሉ ይሆናል፤ ደንበኛው ጋ ያለው ኢንቮይስ ግን 500 ነው የሚለው፣ ወረቀትና መዝገብ ሲጣላ ደግሞ የሚጠየቀው ባለመዝገቡ ነው። እንደነዚህ ባሉ ቦታዎች ለደንበኛው የሚሄደውን ኢንቮይስ ድረ ገጹ ራሱ ያወጣል፣ እናንተ ሁለተኛ አትሥሩ። ለአንድ ሥራ ሁለት ቁጥር ይሆናል።

ክላውድ። «ላፕቶፕህ ቢሰረቅም ሒሳብህ አይጠፋም» ይላል። ልክ ነው። እኔ ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ለአንድ አገልግሎት፣ ስሙን ልተወው፣ ቨርጂኒያ ባለች የአክስቴ ልጅ ካርድ ነበር የምከፍለው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እሷ ባንክ ቀየረች፣ ካርዱ ተዘጋ፣ እኔ አልሰማሁም። ሐምሌ ላይ ለግብር ልዘጋጅ ስል ገጹ ክፍያ ካልፈጸምክ አትገባም አለኝ። የሁለት ዓመት ኢንቮይስ እዚያ ውስጥ ነው። እዚህ ሌሊት ሲሆን እዚያ ቀን፣ እሷ ሥራ ላይ፣ እኔ ወረዳ ሰልፍ ላይ። አራት ቀን ፈጀ። ማንም አልሰረቀኝም፣ ሒሳቤም አልጠፋም፣ ግን ቁልፉ እኔ ጋ አልነበረም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት የቆየውንም አስታውሱ፤ የዓመቱን ሒሳብ ዘግቶ ግብር ለማስታወቅ የሚሮጥበት ሐምሌ እዚያ ውስጥ ነበር። አሁን ክላውድ እጠቀማለሁ፣ ግን በየወሩ መጨረሻ ሁሉንም አውርጄ ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ። ማውረድ የሚከለክል ወይም ለማውረድ የሚያስከፍል ካለ አልፈልገውም።

አሁን «ሒሳብ ሠራተኛ አያስፈልግህም» ወደሚለው። ወዳጄ፣ ይህን ስትጽፍ ገቢዎች ሄደህ ታውቃለህ? ሶፍትዌር ደምሮ ይሰጥሃል። የትኛው ወጪ ተቀባይነት እንዳለው፣ የቤትህ ኪራይ ምን ያህሉ የሥራ ወጪ ሊባል እንደሚችል፣ በየትኛው የግብር ከፋይ ደረጃ ላይ እንደወደቅህ አይነግርህም። ደረጃው ራሱ ተቀይሯል። ሀ፣ ለ፣ ሐ የነበረው በ2017 ማሻሻያ ሁለት ሆኖ መስመሩ በዓመት 2 ሚሊዮን ብር ገቢ ላይ ተሰምሯል። ከመስመሩ በላይ ያለ ሰው ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ነው የሚጠየቀው፤ ለእሱ ጸሐፊው ያለው አብዛኛው ይሠራል፣ ደህና ሶፍትዌር ይግዛ። ሠራተኛ ቀጥሮ ደሞዝ የሚከፍል፣ በየወሩ ቫት የሚያስታውቅ ሰውም እንዲሁ። ብቻውን ላፕቶፕ ይዞ ካፌ የሚሠራ ልጅ ግን የእነሱን ዕቃ ለምን ይሸከም?

የእኔ ሒሳብ ሠራተኛ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የምታግዘኝ ልጅ ናት። የምትሠራው ፒችትሪ በሚባለው የቆየ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። ፒችትሪ ስሙ ተቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም እዚህ ሁሉም ሰው ፒችትሪ ነው የሚለው፣ የሥራ ማስታወቂያውም እንደዚያው ይጽፋል። ጸሐፊው ዘመን ያለፈበት ብሎ ይሳለቅበታል። እሷ ግን በዚያ የሠለጠነች ናት፣ ጓደኞቿም እንደዚያው። አንድ ዓመት አዲሱን ሶፍትዌሬን በኩራት ከፍቼ «ይኸው፣ ሁሉም ነገር ተሠርቷል፣ ገብተሽ እይው» አልኳት። ገባች፣ ወዲያ ወዲህ አለች፣ አሥር ደቂቃ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ «ይህን ትተህ ኤክሴል አድርገህ ስጠኝ» አለችኝ። ሳቄ የመጣው ለዚህ ነው። ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳባችሁን የሚሠራላችሁን ሰው በምን መልክ እንደሚፈልገው ጠይቁት። ያ ጥያቄ ብቻ ከገበያው ላይ ግማሹን ይጥልላችኋል።

የቀረው «ያማረ ኢንቮይስ ቶሎ ያስከፍላል» ነው። በሙያዬ ስለመጣ ዝም ብዬ አላልፈውም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይለይ። ኢንቮይስ የክፍያ ጥያቄ ነው። ደረሰኝ ሌላ ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች የሚወጣ ወረቀት፣ ላዩ ላይ ደረሰኝ ብላችሁ ብትጽፉበትም፣ ሕጋዊ ደረሰኝ አይደለም። ሕጋዊው ገቢዎች የፈቀደው ነው፣ ለምሳሌ የደረሰኝ ጥራዝ ወይም የተመዘገበ የሽያጭ ማሽን የሚያወጣው። ጀማሪ ልጆች ከሶፍትዌሩ ያወጡትን ወረቀት ይዘው ሄደው ሲመለሱ አይቻለሁ። የድርጅቱ ፋይናንስ ያለ ደረሰኝ ወጪ ማወራረድ አይችልም፣ ስለዚህ ኢንቮይሱ የቱንም ያህል ቢያምር ብሩ አይወጣም። የሶፍትዌሩ ኢንቮይስ ቁጥርና የደረሰኙ ቁጥር ጎን ለጎን የሚጻፍበት ቦታ ካለ እሱ ከሎጎ ይበልጣል።

ፊደሉንም እዩ። ብዙዎቹ በአማርኛ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ደህና ያሳዩና ፒዲኤፍ ሲሆን የሳጥን ሰልፍ ያደርጉታል። የደንበኛችሁን ስም በአማርኛ፣ የብሩን መጠን በፊደል ጽፋችሁ አንድ ገጽ አትሙ።

እኔ በአንድ ወቅት ለራሴ ኢንቮይስ ሁለት ቀን ሙሉ ዲዛይን ሠርቼለታለሁ። ቀለሙ የተመጠነ፣ ሎጎው በቦታው፣ ወረቀቱም ወፍራም። አትሜ፣ ፈርሜ፣ አሳንሰር በማይሠራበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዤው ወጣሁ። ፋይናንስ ክፍል ያለው ልጅ ተቀበለኝ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አየና «ማህተሙስ?» አለኝ። ማህተሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁትና የማሳርፍበት ቦታ ፈለግሁ፤ ገጹን ከዳር እስከ ዳር በዲዛይን ሞልቼዋለሁ። ሎጎው ላይ አሳረፍኩት። አሁን የምልካቸው ኢንቮይሶች ከታች በቀኝ በኩል አራት ጣት የሚያህል ባዶ አላቸው።